ከመቅደላ እስከ ራንጉን፤ የሐኪም ወርቅነህና የወይዘሮ ቀጸላ የበርማ ኑሮ

ከደሴ ተነሥቶ በተንታ በኩል ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ መቅደላን ከሩቅ ያያታል፤ ዛሬ አምባ ማርያም ትባላለች። ደሴ ገና ከተማ ሳትሆን መቅደላ የመንግሥት ነገር የተቈረጠባት አምባ ነበረች። በ1860 ዓ.ም. በዚያች አምባ ላይ የሆነውን የወሎ ሰው ከአባቶቹ ሰምቶታል። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥና ስለ ሴባስቶፖል መድፍ፣ ስለ ተዘረፉትም መጻሕፍትና ታቦታት ብዙ ተጽፏል፤ ይጻፋልም። ይሁን እንጂ ከመቅደላ የወጣው ብራናና ወርቅ ብቻ አይደለም። ሰውም ወጥቷል። ከወጡት አንዱ ሕፃን በባዕድ እጅ አድጎ፣ የባዕድ ስም ተሰጥቶት፣ የሕክምና ጥበብ ተምሮ እስከ በርማ ድረስ ዘለቀ፤ ኋላም የአገሩን ልጅ አግብቶ በዚያች ሩቅ ምድር ከእርሷ ጋር ብዙ ዘመን ኖረ። ይህ ታሪክ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የባለቤታቸው የወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ታሪክ ነው።

የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ሲመጣ ወደ 13 ሺህ የሚጠጋ ወታደር ነበረው፤ ከዚህም የሚበዛው ከህንድ የመጣ ነበር። ታላላቁን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም ከህንድ በመርከብ መጥተው ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ እንግሊዞች ወደ አምባው ሲወጡ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባይቱ ተቃጠለች። በዚያ ግርግር ንጉሡን ተከትለው ከጎንደር የመጡ ቤተ ሰቦች ተበታተኑ፤ እናት ልጇን፣ ልጅም እናቱን አጣ። ዕድሜው ከሦስትና ከአራት ዓመት የማይበልጥ ወርቅነህ የተባለ ሕፃን ብቻውን ተገኘ። ቻርልስ ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ወሰደው።

የኮሎኔሉ ርኅራኄ እውነተኛ ርኅራኄ መሆኑን መካድ አይገባም። ሕፃኑን አበላው፣ አለበሰው፣ ልጄ ብሎ አሳደገው። ነገር ግን የአሸናፊ ርኅራኄ ወላጅ እስኪፈለግ አይታገሥም፤ ጦሩ ሲመለስ ሕፃኑም አብሮ ተመለሰ፤ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ ህንድ ገባ።

በዚያው ወራት ሌላ ልጅ ከመቅደላ ወጥቶ ነበር፤ እርሱም የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ሞቱ። ዓለማየሁም ለካፒቴን ስፒዲ ተሰጥቶ እንግሊዝ አገር ገባ፤ ከካፒቴኑና ከሚስቱ ጋርም ጥቂት ጊዜ በህንድ ተቀመጠ። ኋላም ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ በ18 ዓመቱ በዚያው ሞተ። የንጉሡን ልጅ ንግሥቲቱ ራሷ ታስበው ነበር፤ ወርቅነህን ግን ከአሳዳጊው በቀር የሚያስበው አልነበረም። ንግሥት ያሰበችው በወጣትነቱ በባዕድ አገር ተቀበረ፤ ያልታሰበው ወደ አገሩ ተመለሰ።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ተቀበለ። ሕፃኑም ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ይኸውም የአንደኛው አሳዳጊ ስምና የሁለተኛው አሳዳጊ የቤተ ሰብ ስም በአንድነት ነው። ወርቅነህ የሚለው ስም በሁለት የሞቱና የሄዱ ሰዎች ስም ተሸፈነ። የእናቱንም ቋንቋ ረሳ። በፓንጃብ ምድር በወንጌል መልእክተኞች ትምህርት ቤት ተምሮ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የቀዶ ሕክምናን ፈቃድ ተቀበለ፤ እንዲህም ሆኖ ከኢትዮጵያውያን አስቀድሞ የአውሮፓን ሕክምና የተማረ ሰው ሆነ። ሙሴ በፈርዖን ቤት የግብጻውያንን ጥበብ ሁሉ እንደ ተማረ የሚያነብ ሰው ለዚህ ነገር ባዕድ አይሆንም።

የእንግሊዝ መንግሥት የሰጣቸው ሹመት በበርማ የአውራጃ ሐኪምነት ነበር። በርማ ማለት ዛሬ ምያንማር የምትባለው፣ በህንድና በሲያም መካከል ያለችው አገር ናት። ይህች አገር ለእንግሊዝ የተገዛችው በሦስት ጦርነት ሲሆን ሦስተኛው የተፈጸመው ሐኪም ወርቅነህ ወደዚያ ከመሄዳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በኅዳር 1878 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በኢራዋዲ ወንዝ በመርከብ ወጥቶ መናገሻይቱን ማንደሌን ያዘ። ንጉሡ ቲባው ከንግሥቲቱ ከሱፓያላት ጋር ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው በመርከብ ተጫኑ፤ ራትናጊሪ በተባለች የህንድ ከተማ በግዞት ተቀመጡ። የቤተ መንግሥታቸውም ዕንቍና ወርቅ ተበረበረ፤ ግቢውም ለእንግሊዝ ወታደር ምሽግ ሆነና በእንግሊዝ እንደራሴ ስም ተጠራ።

የመቅደላን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ትርጓሜ አይሻም። ሥራው አንድ ነው፤ ልዩነቱ መቅደላን እንግሊዞች አቃጥለው መሄዳቸው፣ በርማን ግን ይዘው መቀመጣቸው ነው። እንግዲህ ከአንዱ ድል በኋላ ከምድር የተነሣው ሕፃን ጐልምሶ፣ ከሌላው ድል በኋላ የተያዘችውን አገር ድውይ እንዲፈውስ ተላከ ማለት ነው። ደመወዙንም በሩፒ ይቀበል ነበር። ይህን አይቶ የባዕድ አገልጋይ ነበሩ ብሎ ለመፍረድ የሚቸኵል አይጠፋም፤ ግን ድውይን ከመፈወስ የተሻለ እንጀራ በዚያ ዘመን ለእርሳቸው አልቀረበላቸውም፤ የሚፈወሰውም ገዢው ብቻ አልነበረም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተደረገው ድል በዓለም ሁሉ ሲሰማ በበርማም ተሰማ። ሐኪም ወርቅነህም የተወለዱባትን አገር ለማየት ተነሡ፤ በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ ቀርበው ታሪካቸውን በተናገሩ ጊዜ ዘመድ ተፈለገ፤ አያታቸው ገና በሕይወት ነበሩና በልጅነት በአካላቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው ልጃችን ነው አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠፋ ልጅ በጠባሳ ታወቀ። አማርኛ የማያውቅ የጎንደር ልጅ በአስተርጓሚ ከአያቱ ጋር ተላቀሰ። ከዚህ ወዲያ ሐኪሙ ሁለት አገር አላቸው፤ አንዲቱ እንጀራ የምትሰጥ፣ አንዲቱ ልብ የምትስብ። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ፣ ዕድል ሲገኝ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ ሃያ ዓመት አሳለፉ። አንድ ጊዜ በሱማሌ በረሃ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆኑ፤ ሌላ ጊዜ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተቀመጡ። የአገራቸውን ልጅ ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉንም አገቡ፤ ብዙ ልጆችም ወለዱ። ከዚያ በኋላ የበርማ ኑሮ የብቸኛ ሰው ኑሮ መሆኑ ቀረ።

በዚያ ዘመን ከሸዋ ወደ በርማ መሄድ እንደ ዛሬ አይደለም። የምድር ባቡር ገና አዲስ አበባ አልደረሰምና እስከ ሐዲዱ ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲም በመርከብ የኤደንን ባሕርና የህንድን ውቅያኖስ መሻገር ግድ ነበር። ከባሕር ወደ በርማ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚያልፍባት በር ራንጉን ነበረች። ከባሕሩ ገባ ብላ በወንዝ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዳጎን ነበረ፤ በ1747 ዓ.ም. አላውንግፓያ የተባለው ንጉሥ ይዞ ያንጎን አላት፤ ትርጓሜውም የጠብ ፍጻሜ ማለት ነው። ጠቡ ግን በስም አላለቀም። በ1844 ዓ.ም. እንግሊዞች በሁለተኛው ጦርነት ያዟትና ሱሌ የተባለውን የጣዖት ቤት መካከል አድርገው መንገዶቿን በገመድ እንደ ተለካ አስተካክለው ሠሯት።

ራንጉን የግዞት ከተማም ነበረች። የደልሂው የመጨረሻው የሞጎል ንጉሥ ባሐዱር ሻህ ከዙፋኑ ወርዶ የተጋዘው ወደዚህች ከተማ ነው፤ በ1855 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ ተቀበረ። የህንድን ንጉሥ ወደ በርማ፣ የበርማን ንጉሥ ወደ ህንድ ማጋዝ የገዢዎቹ ልማድ ነበር። ንጉሥ ከሕዝቡ ሲርቅ ሕዝቡ ቶሎ ይረሳዋል ብለው ነው። በዚህስ ተሳስተዋል።

በፈረንጅ ቍጥር በ1901 በከተማይቱ ሰው በተቈጠረ ጊዜ 235 ሺህ ያህል ነፍስ ተገኘ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከሕዝቧ እኩሌታ የሚበልጠው ህንዳዊ ነበር። ወደቡ የሩዝ ወደብ ነው። የኢራዋዲ ወንዝ ወደ ባሕር ሲገባ ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ የሚያጠጣው ረግረግ ሁሉ ታርሶ ሩዝ ተዘርቶበት፣ በርማ ከዓለም አገሮች ሁሉ የበለጠ ሩዝ ወደ ውጭ የምትልክ ሆና ነበር። መርከብ የሚጭነውና የሚያራግፈው ከማድራስ ወገን በየዓመቱ በመርከብ የሚመጣው ድኻ ህንዳዊ ነው። ለገበሬው በወለድ የሚያበድረው ቼቲያር የተባለው የህንድ ባለገንዘብ ነው። ሱቁ የቻይና፣ ባንኩና የወንዙ መርከብ የስኮትላንድ ሰው ነው። በወንዙ ማዶ የምድር ዘይት ይነጠራል። በእንጨት መጋዘኖቹ ዝሆን ትልልቁን የቲክ ግንድ በጥርሱና በኩምቢው እያነሣ ይደረድራል፤ ናፒየር ለመድፍ ያመጣውን እንስሳ ራንጉን ለእንጨት ታሠራው ነበር።

የደሴን ሰኞ ገበያ የሚያውቅ ሰው የሕዝብ ብዛትና የቋንቋ መደበላለቅ አያስደንቀውም። በደሴ ገበያ ደገኛው ገብሱን፣ ቈለኛው ማሽላውን፣ አፋሩ ጨውን ይዞ ሲመጣ ክርስቲያኑና እስላሙ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ይገበያያል። ግን ከመሸ በኋላ ደሴ የደሴ ሰው ናት። የራንጉን ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በርማዊው በገዛ ከተማው ውስጥ ከቍጥርም ከሀብትም ያነሰ፣ በአባቶቹ ምድር እንደ እንግዳ የሚታይ ነበር። ከተማይቱ ስትሰፋ እርሱ ይጠባል፤ ሩዙ ሲበዛ ዕዳው ይበዛል። መንገዱና መብራቱ፣ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ የሚያስደንቅ ነበር፤ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን መልሱን ከደጃፉ ላይ ከተጻፈው ስም ያገኘዋል።

ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር በዚያች ከተማ ነበረ፤ እርሱም በመጥምቁ ዮሐንስ ስም የታነጸው የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን ነው። አርመኖች እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት በበርማ ነገሥታት ዘመን ይነግዱ ነበር፤ በፈረንጅ ቍጥር በ1901 ስትራንድ የተባለውን ትልቅ ሆቴል በራንጉን የከፈቱትም ሳርኪስ የተባሉ አርመናውያን ወንድማማች ናቸው። በሃይማኖት ከእስክንድርያና ከኢትዮጵያ ጋር አንድ ስለሆኑ፣ በዚያ ሁሉ የጣዖትና የመስጊድ፣ የላቲንና የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መካከል አንዲት ተዋሕዶ የምታምን ነፍስ ቅዳሴ ብትሻ በባዕድ ልሳን ቢሆንም የእምነቷን ቅዳሴ ታገኝ ነበር።

ከከተማይቱ በላይ በኮረብታ ላይ ሽዌዳጎን የተባለው የቡድሀ መቅደስ ይታያል፤ ቁመቱ መቶ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከላይ እስከ ታች በወርቅ የተለበጠ ነው። ይህን የጣዖት ቤት ለማመስገን አይደለም፤ ነገር ግን የበርማ ሰው ወደ እርሱ ሲወጣ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ነው የሚወጣው። ለሙሴ በሲና የታዘዘውን ለሚያነብ፣ ዛሬም ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን ከደጅ ለሚያኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ልማድ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ግን ከነጫማቸው ይገቡ ነበር። ቀድሞም በማንደሌ ቤተ መንግሥት የእንግሊዝ መልእክተኛ ጫማውን አውልቆ በንጉሡ ፊት ይቀመጥ የነበረውን ሥርዐት መንግሥቱ ቢከለክል፣ ሁለቱ መንግሥታት ፊት ለፊት መነጋገር ትተው ነበር። በፈረንጅ ቍጥር ከ1916 ጀምሮ የበርማ ወጣቶች ማኅበር ይህን ነገር አንሥቶ በየከተማው ጮኸ፤ ሌዲ ሳያዶ የተባለውም ታላቅ መነኵሴያቸው ስለዚሁ ጽፎ ነበር። በ1919 መንግሥት ተሸንፎ ውሳኔውን ለየመቅደሱ አለቃ ተወ። ጠመንጃ የሌለው ሕዝብ ስለ ጫማ ተከራክሮ ረታ። ነፃነቱን ለመጠየቅ አፉን የፈታው በዚህ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ሌላም የሚተዋወቅ ነገር አለ። በየመንደሩ የመነኰሳት ገዳም አለ፤ የበርማ ልጅ ፊደል ይቈጥር የነበረው በዚያ ነበር። ሲነጋም መነኰሳቱና ደቀ መዛሙርቱ ማኅደራቸውን ይዘው በሰልፍ በየደጁ ያልፋሉ፤ ባለቤቲቱም ሩዝ ትጨምርላቸዋለች። የእኛ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይጮኻል፣ ከውሻም ጋር ይታገላል፤ የእነርሱ ግን ዝም ብሎ ይቆማል። ለቅኔ ተማሪ ዝምታው የሚያስቀና ሳይሆን አይቀርም። ስማቸውም እንደ እኛ ነው፤ የቤተ ሰብ ስም የላቸውም፤ ሰው ሁሉ በገዛ ስሙ ይጠራል። የማርቲን ስም የተጫነበት የእሸቴ ልጅ ስመ ቤተ ሰብ በማያውቅ ሕዝብ መካከል ዶክተር ማርቲን እየተባለ መኖሩ ለታሪክ የሚገርም ነው። ሴቶቻቸውም ገበያውን የያዙ ናቸው፤ ይሸጣሉ፣ ይለውጣሉ፣ በትዳርም ሳሉ ገንዘባቸው የራሳቸው ነው። በኢትዮጵያም እመቤት ርስት ትወርስ ነበርና ከኢትዮጵያ የሄደች ወይዘሮ በዚህ ከእንግሊዝ ወይዘሮ ያነሰ ትደነቅ ነበር።

የአውራጃ ሐኪም ሥራ ቀላል አልነበረም። ሆስፒታሉን ከማስተዳደር በቀር የፈንጣጣ ክትባት፣ የእስረኞች ጤና፣ የሬሳ ምርመራ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናሙ ሳያቋርጥ ሲወርድ ወባና ተቅማጥ ይበዛል። በፈረንጅ ቍጥር በ1905 ደግሞ ከህንድ የመጣው የአይጥ ወረርሽኝ ራንጉን ገባና ለብዙ ዓመታት አልለቀቀም። ለቤተ እመቤትም ቢሆን ልጆችን በዚያ ሙቀትና እርጥበት ማሳደግ፣ ጤፍ በሌለበት አገር ቤት ማቆም፣ ከባልም ከጐረቤትም ጋር በተማሩት ቋንቋ መነጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ታሪክ ጸሓፊዎች የባልን ሹመት ሲቈጥሩ ይህን መርሳታቸው የቈየ ጉድለት ነው።

በፈረንጅ ቍጥር በ1919 ሐኪም ወርቅነህ ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ በጡረታ ተሰናብተው ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። የምድር ባቡሩ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ንግሥት ሱፓያላት ከሠላሳ ዓመት የበለጠ ከቈየችበት ግዞት ተፈትታ ወደ በርማ ተመለሰች፤ ባሏ ቲባው በግዞት ሳለ በ1909 ዓ.ም. ሞቶ ነበር። ወደ ማንደሌ ግን አላገቧትም፤ ራንጉን አስቀመጧት፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሞታ በሽዌዳጎን አጠገብ ተቀበረች። የእርሷ መርከብ ሲገባ የሐኪሙ መርከብ ይወጣ ነበር ለማለት ያህል ነው፤ እርሷ የቀድሞ መንግሥቷ ወደ ጠፋባት አገር፣ እርሳቸው መንግሥቷ ወደ ቆመላት አገር።

ይህ ልዩነት በልባቸው ሥራ እንደ ሠራ ሥራቸው ይመሰክራል። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑ። ረስተውት በነበረው በእናታቸው ቋንቋም ለልጆች የዓለምን ጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ነፃ ለወጡ ባሪያዎችም የሚማሩበትን ቤት አሰናዱ። በ1919 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ግድብ ነገር ከአሜሪካ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ኒውዮርክ ድረስ ተላኩ፤ ኋላም የጨርጨር ገዢ ሆነው መንገድና ሕክምና አስፋፉ። የራንጉን መንገድ ማን ለማን እንደ ሠራው ያየ ሰው የጨርጨርን መንገድ ሲያሠራ ለምን እንደ ቸኰለ መገመት ይቻላል። ባዕድ ሳይመጣ መሠራት ነበረበት።

ባዕድ ግን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ባደጉበት ቋንቋ፣ ባሳደጋቸው መንግሥት ፊት፣ ስለ አገራቸው ሲከራከሩ ሰነበቱ። ከወይዘሮ ቀጸላ የወለዷቸው ዮሴፍና ብንያም በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ነበር፤ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ። የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ወደ ባዕድ አገር የተሸጠው፣ ብንያም በአባቱ ቤት የቀረው ነው፤ እነዚህኞቹ ግን አብረው ተያዙ፤ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ፋሽስቶች ገደሏቸው። አባታቸው ከድሉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።